ተጠባባቂውን ያላመነችው

በሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች ማኅደር ብቻ ነበር። ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉም የሚጠራት «እስኪ ልየው» ብሎ ነው። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት ተረስቷል፤ ለምን እንደወጣላት ግን የረሳ የለም። «በሩ ተቆልፏል» ሲሏት «እስኪ ልየው»። «አምፖሉ ተቀይሯል» ሲሏት «እስኪ ልየው»። «ሻይሽ ስኳር አለው» ብትባል እንኳ በማንኪያ ጫፍ ሳትቀምስ አትጠጣም። ልጇ በተወለደች ቀን አዋላጇ «ሴት ናት» ብትላት «እስኪ ልየው» አለች ተብሎ በየኮሪደሩ ይሳቅባታል። ይህን ወሬ ክዳ አታውቅም። «ታዲያስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ትላለች፤ ከሚስቁት ጋርም አብራ ትስቃለች።

ጠርጣራ ሆና ግን አልተወለደችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እዚሁ ሆስፒታል ስትቀጠር ሥራዋ ስልክ ማገናኘት ነበር። ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቁመቷን የሚያክል የእንጨት ሰሌዳ ፊት ትቀመጣለች። ሰሌዳው ላይ ረድፍ ረድፍ ቀዳዳ፣ ከየቀዳዳው በላይ ደግሞ አተር የምታህል መብራት። ከአንዱ ክፍል ሲደወል መብራቷ ትበራለች፤ እሷም ገመዱን ሰክታ «አቤት፣ የት ላገናኝ?» ትላለች። ድምፅዋ ያምር ስለነበር ጉዳይ ሳይኖረው የሚደውል ሐኪም ሁሉ ነበር ይባላል። መስመሩ ጭር ሲል ደግሞ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፦

አለሁ ባይ ብዙ ነው በሞቀ ቀን ጊዜ፣
ማነው የሚገኘው ሲጫነኝ ትካዜ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወሊድ ክፍሉ መብራት በራ። ሰካች። «አቤት» አለች። ዝም። «አቤት!» አለች ደግማ። አሁንም ዝም። መብራቱ በርቷል፣ መስመሩ ደህና ነው፤ እንግዲህ የሚያሾፍ ሰው ነው ብላ ነቀለችው። ሦስት ጊዜ በራ፣ ሦስት ጊዜ ነቀለችው። በኋላ ሲታይ መብራቱን የሚያበራው ሽቦ ደህና ነበር፤ ድምፅ የሚያመጣው ሽቦ ግን ግድግዳ ውስጥ ተበጥሶ ኖሯል። በወዲያኛው ጫፍ አንዲት ነርስ «ሐኪም ላኩልኝ!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮህ ነበር። ሐኪሙ በእግረኛ ተጠርቶ ሲደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ማንም አልወቀሳትም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የበራ መብራት አይታ አታምንም።

የእንጨት ሰሌዳው ዘመኑ አልፎ ሲነሳ ጓደኞቿ አንድ ባንድ ጡረታ ወጡ። እሷ በአርባ ዓመቷ ከልጅ እግሮች ጋር ወንበር ተጋርታ ኮምፒውተር ተማረች። አሁን በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ናት። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአንሶላ ማስቀመጫው ቀጥሎ ነው። መስኮቱ በቀለም ተደፍኗል፤ ውስጡ ቀንም ቢሆን ይበርዳል፤ ሹራቧ ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ይንጠለጠላል። መካከል ላይ የብረት መደርደሪያ ቆሟል፤ በውስጡ ሁለት ሰርቨሮች። «ታላቅ» እና «ታናሽ» ትላቸዋለች።

የሕመምተኛው ታሪክ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የደሙ ዓይነት፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ ሁሉ እነሱ ጋ ነው ያለው። ታላቅ ይሠራል፣ ታናሽ ይጠብቃል። በመካከላቸው ክንድ የማትሞላ ገመድ አለች፤ ታናሽ በየሰከንዱ በሷ በኩል «ወንድሜ፣ አለህ?» ይላል፤ ታላቅም «አለሁ» ይለዋል። መልስ የጠፋ ዕለት ታናሽ ተነስቶ ሥራውን ይረከባል።

ጥንቃቄው በዚህ አያበቃም። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ኔትወርክ ካርድ አለው፤ ከዓለም ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት አፎች ናቸው። በአንደኛው ይናገራል፤ ሁለተኛው ተዘግቶ ተራውን ይጠብቃል። የአንደኛው ካርድ ገመድ መስመር ወደሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ወደ ላይኛው ስዊች፣ የሁለተኛው ወደ ታችኛው ስዊች ይሄዳል፤ ሁለቱ ስዊቾች ደግሞ በየራሳቸው ገመድ ምድር ቤት ወዳለው ዋናው ስዊች ይወርዳሉ። ከዚያ ወደየሕክምና ክፍሉ ይበተናል። አንደኛው ካርድ ቢሞት ሁለተኛው የሟቹን አድራሻ ይወርስና ለጎረቤቱ ሁሉ «ከእንግዲህ እሱን የምትፈልጉ እኔ ጋ ኑ» ብሎ ያውጃል። ነርሷ ኮምፒውተሯ ፊት እንደተቀመጠች፣ ቅንድቧ ሳይነቃነቅ፣ ነገሩ ያልቃል። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ይህንን ነው።

እሷ ታዲያ ይሄ ተጠባባቂ የሚባል ነገር ከልቧ ገብቶላት አያውቅም። ሥራው ዝምታ የሆነ ፍጡር ይኑር ይሙት በምን ይታወቃል? በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትንፍሽ ሲል አልሰማችው። አረንጓዴ መብራቱ ከአንደኛው መብራት ጎን ጥቅስ ጥቅስ ይላል። ጥቅሻ ደግሞ፣ መቼም ሴት ታውቃለች፣ ቃል ኪዳን አይደለም።

በአንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፋተገ ገባ። ኮሌታው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነው።

«እትዬ፣ የምሥራች! ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወረቀት ይቀራል። ነርሶቹ ለክፉ ቀን እያሉ በእጅ የሚሞሉት ያ ሁሉ ቅጽ ከየክፍሉ ይነሳል። ሁሉም ነገር በሲስተም ብቻ።»

«ሲስተሙ ቢወድቅስ?»

«ሁለት ሰርቨር፣ አራት ካርድ፣ ሁለት ስዊች! በየት በኩል ይወድቃል? እንግዲህ ዓርብ እዚህች ላይ ይፈርሙልኛል።» አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «ተጠባባቂው መሥራቱን አረጋግጫለሁ» ይላል። «አማችዎም የምሥራች አለው። ሲስተሙን የዘረጋው እሱ ስለሆነ፣ እርስዎ እንደፈረሙ የተተኪ ክፍል ኃላፊነቱ ደብዳቤ ይወጣለታል። ከዓመት በኋላ እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለቤተሰብ ይቀራል ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ።

አማቿ ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ኋላ ነበር። አልሳቀም። ይህን ልብ አለች።

ልጇን ያገባው ባለፈው ዓመት ነው። ዝምተኛ፣ ጣቱ ረጅም፣ ገመድ ሲያስር የልጅ ጫማ የሚያስር የሚመስል ሰው ነው። ሥራውን ትወድለታለች፤ ዝምታው ግን ያስጨንቃታል። የሚናገር ሰው ሲዋሽ ይያዛል፤ ዝም ያለውን በምን ትይዘዋለህ?

በዚያው ቀን የክፍሉን መዝገብ አውጥታ ከመጀመሪያው ገጽ ማገላበጥ ጀመረች። መዝገቡ ወፍራም ደብተር ነው፤ የነካ ሰው ምን እንደነካና ለምን እንደነካ በእጁ ይጽፍበታል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። የአማቿ ጽሑፍ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው፦ «የታናሽ ማቀዝቀዣ ተጠረገ፣ አቧራ ስለበዛ።» «የላይኛው ስዊች ገመድ ተቀየረ፣ ስለላላ።» እንዲህ እንዲህ እያለች ስትወርድ ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ላይ ዓይኗ ተተከለ። በሱ እጅ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ፦ «ተስተካክሏል።»

ምኑ? ለምን? የለም።

ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሻይ ይዞላት ሲገባ ደብተሩን ወደሱ አዞረችለት።

«ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ቀላ። «የቆየ ነገር ነው፣ እማማ።»

«መቆየቱንማ ቀኑ ይነግረኛል። ምኑ ነው የተስተካከለው?»

«የካርዶቹ… አንድ ትንሽ ነገር። ደህና ነው አሁን።»

«ትንሽ ነገር ስም የላትም?»

«ሻይዎ ይቀዘቅዛል» አለና ወጣ።

ሻዩን አልጠጣችውም። ያን ዕለት ዓይኗ ከሱ አልተነቀለም። ስልክ ሲያነሳ ወደ ኮሪደር መውጣቱን፣ ቁልፉን ከወትሮው ቶሎ መመለሱን፣ ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ብሎ ሳይቀመጥ መቅረቱን ሁሉ ቆጠረችበት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ይሄ ሰው ዶሮውን የት ነው የደበቀው?

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ልጇ መጣች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ በብርዱ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆመች።

«እማዬ፣ ባሌን ምን አድርጊው ትይዋለሽ?»

«ምን አልኩት?»

«ምንም አላልሽውም! እሱ ነው የከፋው። ከትናንት ጀምሮ እንደ ሌባ ታየዋለች ተባለ በየክፍሉ። እህል አልቀመሰም እኮ!»

«ሌባ አላልኩም። አንድ ቃል ጽፏል፤ ያችን ቃል ይፍታልኝ ነው ያልኩት።»

«ሁሉን ነገር አንቺ ካላየሽው የለም ማለት ነው? አባዬ እንኳ ታሞ ተኝቶ፣ ‹ትንፋሼን በመስታወት ባታይው ምን አለበት› ብሎሽ የለም?»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ልጇ ቶሎ ዋጠችው።

«እማዬ፣ እየለመንኩሽ ነው። ኃላፊነቱን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ፈርሚለት።»

«ልጄ፣ የምፈርመው ለሱ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እፈርም ነበር። ወረቀቱ ከተነሳ በኋላ ግን ቀዶ ክፍል የተኛ ሰው የደሙ ዓይነት የሚመጣለት በዚህች ገመድ ብቻ ነው። ያ ሰው ደግሞ አማቼን አያውቀውም።»

ልጇ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «አንዱን ከመረጥሽ አንዱን ታጪያለሽ» አለችና ወጣች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቢወረወር ይሻላት ነበር።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ፣ ሥራው ቀለል በሚልበት ሰዓት፣ ፈተና አዘጋጀች። ሥራ አስኪያጁ «ከሚሠራ ማሽን ላይ ገመድ የሚነቅል ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያለ ቢያጉረመርምም ለየክፍሉ አስነገረ፤ ወረቀታቸውን አዘጋጅተው እንዲጠብቁ። አማቿ ከማንም ቀድሞ መጥቶ ኖሯል፤ ስትገባ ከመደርደሪያው ኋላ በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«የላላ ካለ እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«የላላ ከሆነማ እንደላላ ይታይ፤ ለፈተናው አታስጊጠው» አለች። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሳ፤ መልስ አልሰጠም።

የውስጥ ስልኩን ከፍታ የቀዶ ክፍሏን ዋና ነርስ መስመር ላይ አቆየቻት። «ሲስተር፣ አንድ ሕመምተኛ ክፈቺ። ተከፈተ? እንግዲህ ሳታቋርጪ ገጽ ገልብጪ።» ከዚያ እጇን ሰድዳ የታላቅን አንደኛ ገመድ፣ ልክ ከካርዱ ላይ፣ ጠቅ አድርጋ ነቀለችው። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። አንድ… ሁለት…

«እየገለበጥኩ ነው» አለች ሲስተር። «ጀመራችሁ?»

«አልቋል እኮ፣ ሲስተር!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ውስጥ ጮኸ። ሁለተኛው ካርድ ተነስቷል፤ መብራቱ እንደ ነጎድጓድ ቀን ብልጭታ ይርገበገባል። ያ የአራት ዓመት ዝምተኛ አፉን ከፈተ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። «እንግዲህ እትዬ!»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። አማቿን አየችው። ደስ ያለው ሰው አይመስልም። ዓይኑ የላይኛው ስዊች ላይ ነበር፤ ስታየው ቶሎ ሰበረው።

ለምን ስዊቹን አየ?

እስክሪብቶውን መለሰች። «እስከ ነገ ስጡኝ።»

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?» ሥራ አስኪያጁ ወደ ጣራው ተመለከተ። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳን ሰው ፀሐይ መውጣቷንም በፊርማ ነው የሚያምኑት!»

እቤቷ ሄዳ ያን የስዊች እይታ አመነዠከችው። ገመዱን የነቀለችው ከካርዱ ጥግ ነው። ጥጉ ሲነቀል መብራቱ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ካርዱ መሞቱን ሕፃንም ያውቃል። ግን መንገዱ እዚያ አያልቅም። ከስዊቹ ወዲያ ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ገመድ ቢበጠስስ? ስዊቹ አጠገቡ እስካለ ድረስ የካርዱ መብራት አይጠፋም። ካርዱ የሚያየው ጎረቤቱን ብቻ ከሆነ፣ ጎረቤት ደህና ነው ብሎ አገር ደህና ነው ይላል። ታናሽም ቢሆን አይደርስለትም፤ እሱ ወንድሙን የሚጠይቀው በዚያች አጭር ገመድ ነው፤ ታላቅም «አለሁ» ይለዋል፤ እውነቱን ነው፣ አለ። የማይሰማው ሌላው ዓለም ነው እንጂ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ያ የወሊድ ክፍል መብራት ፊቷ ላይ በራ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁን «ለመጨረሻ ጊዜ» ብላ ለመነችው። ሲስተር እንደገና መስመር ላይ ቀረበች። በዚህ ጊዜ ካርዱን አልነካችም። ከላይኛው ስዊች ወደ ምድር ቤት የሚወርደውን ገመድ ይዛ ወደ አማቿ ዞረች።

«ልጄ፣ ልንቀለው?»

«ይንቀሉት፣ እማማ» አለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ነቀለችው። የካርዱ አረንጓዴ መብራት እንዳማረበት ቀረ። ጥቅስ፣ ጥቅስ።

«ሲስተር?»

«ይጠብቁ ይላል።»

አሥር ሰከንድ። ሃያ።

«ሲስተም የለም!» አለች ሲስተር። «ኧረ ምንም የለም! የሕመምተኛው ስም ራሱ ጠፋ!» ከኋላዋ ሌሎች ድምፆች «እኛም ጋ የለም» ሲሉ ተሰማ። ሁለተኛው ካርድ ደህና መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶለት፣ ማንም ስላልጠራው፣ ድምፁን አጥፍቶ ቁጭ ብሏል። ገመዱን መልሳ ሰካችው። ሲስተር «ተመለሰ» ስትል ሁሉም የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ይሄ እንዴት ይሆናል? ካርዶቹ ከሩቅ ማሽን ጋር እየተጠያየቁ ነው የሚጠባበቁት ብለህ አይደል ያስረከብከኝ?»

«ነበር» አለ አማቿ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት። መብራታቸውን ብቻ እንዲያዩ።»

«ለምን?»

ዝም።

«ለምን ስልህ!»

አማቿ ጎንበስ ብሎ የገመዱን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ «ደብዳቤህን እርሳው» ብሎ በሩን ከፍቶ ሄደ።

እንግዲህ ያዝኩት ብላ ደብተሩን ሳበች። ያችን «ተስተካክሏል» የምትለውን ረቡዕ አወጣች። ከዚያ ደግሞ ማሽኑ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ በኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። በዋዜማው ማክሰኞ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ካርዶቹ ሲጠይቁት የኖሩት የሩቅ ማሽን በድንገት መመለስ አቁሟል። አንደኛው ካርድ መልስ ሲያጣ ለሁለተኛው ለቀቀ፤ ሁለተኛውም መልስ አጥቶ ለአንደኛው መለሰ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ፣ አንተ ሞትክ አንተ ሞትክ እየተባባሉ፣ እስከ ረቡዕ ጠዋት። ማነው ታዲያ ያ የሩቅ ማሽን? አድራሻውን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«አሮጊቷ» ናት። ኮሪደሩ ጫፍ ቁምሳጥን ውስጥ ስታቃስት የኖረችው፣ ማንም የማይጠቀምባት አሮጌ ማሽን። ደብተሩን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ማክሰኞ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ የተጠማዘዘ ፊደል፦ «አሮጊቷ ዛሬ ጠፋች። ማንም አይፈልጋትም። ኮሪደሩ ጸጥ አለ፤ ተመስገን።»

ማንም አይፈልጋትም! ያን ቀን ማንንም አልጠየቀችም። ይህች ሁሉን ካላየሁ የምትል ሴት ያን ቀን ሳታይ ነቅላ ኖሯል። ግጥም ከንፈሯ ላይ መጣላት፣ እንደ ድሮው፣ ዜማውም አብሮ፦

በር በሩን ሳይ ዋልኩኝ ጠላት አለ ብዬ፣
ማገሩን የነቀልኩ እኔው ነኝ እትዬ።

ቀና ስትል አማቿ አልሄደም፤ በሩ ጋ ቆሟል።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

በሩን ከኋላው ዘጋ። «ያን ሳምንት የሚቀነስ ሰው እየተፈለገ ነበር። የእርስዎ ስም ከላይ ነበር፤ ዕድሜዎ ደርሷል እየተባለ። እርስዎ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ሲስተሙን እስከ ጠዋት ያንገዳገደችው እሷ ናት ብዬ ብጽፍ ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ነበር የሚያሰናብትዎት። እኔ ደግሞ ከተጋባን ገና ሦስት ወር። በሦስት ወር ውስጥ የሚስቴን እናት አስባርሬ እቤት ልግባ?»

«ታዲያ ሌላ የሩቅ ማሽን አትሰጣቸውም ነበር?»

«ሌላ ማሽን ብመርጥ ባለቤቱን ክፍል ማስፈቀድ አለብኝ፤ ‹የድሮው ምን ሆነ› ይሉኛል፤ ለለውጥ ሁሉ ምክንያት ይጻፍ የሚለውም የእርስዎ ሕግ ነው። ምክንያቱን ከጻፍኩ የእርስዎ ስም ይወጣል። በመብራት ይቆዩ፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ አልኩ። ከዚያ ቀን ቀንን ተካው። ትናንት ከካርዱ ብቻ ነቅለው ሊፈርሙ ሲሉ… ሊነግርዎት የሞከረ አንደበት ነበረኝ፤ አልታዘዝ አለኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ስታሳድደው የነበረው ኮቴ የራሷ ነበር። ልትቆጣው ፈለገች፤ በየቱ ትቆጣው? አጥፍቷል፤ የሰው ነፍስ በመብራት ላይ ትቶ ዓመት ቆይቷል። ግን ያን ያደረገው እሷን አዝሎ ነው።

«ልጄ፣ ያዘልከኝ መስሎሃል። ሁለታችንንም ቀዶ ክፍል የተኛው ሰው ነበር ያዘለን።»

ደብተሩን ሳበችና «ተስተካክሏል» ከምትለው ቃል ጎን፣ በዚያው በተጠማዘዘ ፊደሏ፣ ጻፈች፦ «አሮጊቷን ሳልጠይቅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካርዶቹ የተናወጡት በዚህ ምክንያት ነው።» ፈርማ፣ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ ሹራቧን እንደለበሰች ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወረደች። እዚያ የተባለውን ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ሁሉ ሰምተዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ጮኸ፣ እሷ አልጮኸችም። «አባርረኝ፣ መብትህ ነው፤ ልጁ ግን ነገ ጠዋት ያስተካክለው፤ ከሱ በቀር የሚችለው የለም» አለች። ሥራ አስኪያጁ ሰኞን አሰበ፣ አለቆቹን አሰበ፣ «ዓርብ ፊርማ ካገኘሁ ይህን ሁሉ አልሰማሁም» አለ።

ዓርብ አማቿ እጅጌውን ሰብስቦ ሲሠራ ዋለ። በዚህ ጊዜ ካርዶቹ አንድን ማሽን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት። ምድር ቤት ያለውን ዋናውን ስዊችና የላቦራቶሪውን ማሽን ሁለቱንም «አላችሁ?» ይላሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመልሳል፤ ሁለቱም ዝም ሲሉ ነው መንገዱ መበጠሱ የሚታመነው። ምክንያቱንም ደብተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ሞልቶ ጻፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተኑት። ከካርዱ ነቀሉ፤ ሲስተር ገጽ ገለበጠች። ከስዊቹ ወዲያ ነቀሉ፤ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ካርድ ግን በሦስት ሰከንድ ተነስቶ «እኔ ጋ ኑ» አለ። ሲስተር «ዛሬስ አልጀመራችሁም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልጇም ከሥራ ወጥታ መጥታ በሩ ጋ ቆማ ታያለች፤ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለች።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ዘረጋ። «ደብዳቤውም እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ፣ ደረቱን መታ እያደረገ። «ይፈርሙልኝና ሁላችንም ቤታችን እንግባ።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ጫፉ ወረቀቱን ሊነካ ሲል፦

«ይቆዩ፣ እማማ። አይፈርሙ።»

አማቿ ነው። ዓይኑ ከመደርደሪያው ኋላ፣ ወለሉ ላይ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ ከበሩ።

«ስዊቾቹ ሁለት ናቸው» አለ፣ ቃላቱን አንድ ባንድ እያስቀመጠ። «ኤሌክትሪክ የሚወስዱት ግን… ሁለቱም ጥቁር ገመድ ነው ያላቸው፤ ሁለቱም በአንድ በኩል ነው የሚወርዱት። አንድ ሶኬት ላይ ከሆኑ፣ አንድ ፊውዝ ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ነው የሚሞቱት።»

«በተለያየ ሶኬት ላይ ነው የሰካኋቸው ብለሃል፤ በደብተሩ ላይ አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለም ቀቢዎቹ ነቅለው ሰክተዋል። እኔ አላየሁም።»

ሥራ አስኪያጁ ኪሱን ያዘ፣ ደብዳቤው እንዳይበርበት የፈራ ይመስል። «ሰውዬ፣ የሚፈረመው ለአንተ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

እሷ እስክሪብቶውን ከድና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የስልኳን መብራት አብርታ ከሱ ጎን ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ። እሱ ክንዱን እስከ ትከሻው ከመደርደሪያው ኋላ ሰድዶ፣ ጥቁሩን ገመድ በጣቶቹ መካከል ይዞ፣ ከላይኛው ስዊች ጀምሮ በአቧራው ውስጥ ቀስ እያለ ይከተለው ጀመር።

«ወረቀቱስ? ሰኞስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከላያቸው።

«ወረቀቱ ይቆይ» አሉ ሁለቱም፣ ቀና ሳይሉ።

«ትንሽ ወደ ግራ ያብሩልኝ፣ እማማ» አለ አማቿ። «እዚህ ጋ ከሌላ ገመድ ጋር ተጠላልፏል።»